ለ50ኛ ልደት ምግብ፣ ወይንና ሙዚቃ ፍለጋ፦ ጆርጂያ፣ ፖርቱጋል ወይስ ቪየና?

ለትልቅ ልደት ወደ ውጭ ለመውጣት የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሆቴል ይጀምራል። ሆቴል ይያዛል፣ የአውሮፕላን ትኬት ይቆረጣል፣ ሙዚቃው ደግሞ "እዚያ ስንደርስ እናየዋለን" ይባላል። የልደቱ ዕለት ማታ ሲደርስ ኦፔራው ለዕረፍት ተዘግቷል፤ ፋዶ የሚባለው የፖርቱጋል ዘፈን የሚሰማበት ቤትም ከሳምንት በፊት ሞልቷል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይበጃል። ጥሩ ምግብ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ወይን ወቅት አለው፤ ሙዚቃ ግን ቀንና ሰዓት አለው። ስለዚህ ቀድሞ የሚያዘው ሙዚቃው ነው፣ ሌላው በዙሪያው ይደረደራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሦስቱ የት ይገናኛሉ የሚለው ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ሦስት ቦታዎች በዋናነት የሚለያዩትም በዚሁ ነው። በጆርጂያ (የካውካሰሷ አገር እንጂ የአሜሪካዋ ግዛት አይደለችም) ምግብ፣ ወይንና ዘፈን በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። በፖርቱጋል ምግቡና ሙዚቃው ሊዝበን ውስጥ አንድ ቤት ይገናኛሉ፣ ዝነኛው የፖርት ወይን ግን ወደ ሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው ያለው። በቪየና ሙዚቃው አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ወይኑ በትራም መስመር መጨረሻ ላይ። ማን አብሮ እንደሚሄድ ከታወቀ ምርጫው ከዚህ ብቻ ግማሽ ያልቃል። (ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆርጂያ፦ ገበታው ራሱ ዝግጅት ነው

የጆርጂያ ግብዣ "ሱፕራ" ይባላል። ቃሉ የጠረጴዛ ልብስ ማለት ነው፤ ሲቀርብ ግን ሳህን በሳህን ላይ ስለሚደረደር ጨርቁ አይታይም። ገበታውን የሚመራው "ታማዳ" ነው። ወይን ዝም ተብሎ አይጠጣም፤ ታማዳው ተነስቶ ለሰላም፣ ለአገር፣ ለሞቱት፣ ለወላጆች፣ ለልጆች እያለ በየተራ ይናገራል፣ ሰዉ "ጋኡማርጆስ" ብሎ ይጠጣል። የሽማግሌ ምርቃት እየሰማ "አሜን" እያለ ያደገ ሰው ሥርዓቱን ለመልመድ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። አንድ ነገር ግን ተዘጋጅቶ መሄድ ያሻል፦ ታማዳው "አላቬርዲ" ብሎ ቃሉን ለሌላ ሰው ያሳልፋል፣ ባለልደቱንም አይዘልም። ቃል የተሰጠው ሰው የተነሳውን ርዕስ ይዞ ነው የሚቀጥለው፤ ርዕሱን ትቶ ስለ ራሱ ማውራት ያስተዛዝባል። የሁለት ደቂቃ ንግግር አስቀድመው ያስቡ። በቢራ መመረቅ በባህሉ እንደ ስድብ ይታይ ስለነበር በዚያ ሰዓት በእጅዎ ያለው ወይን ይሁን።

ዘፈኑ ሦስት ድምፅ በአንዴ የሚሄድበት ነው፤ ዩኔስኮ በ2001 እውቅና ሰጥቶታል። ካኬቲ ከሚባለው የምሥራቅ ጆርጂያ የወይን አካባቢ የገበታ ዘፈኖች አንዱ በ1977 በቮዬጀር መንኮራኩር ከተላኩት የዓለም ዜማዎች ጋር ወደ ጠፈር ሄዷል። ስለዚህ ሲያስይዙ "ሙዚቃ አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። "ስንት ዘፋኝ ይመጣል? ማይክሮፎን ይጠቀማሉ?" ይበሉ። ከሦስት ሰው በታች ከሆነ ሦስቱ ድምፅ አይሞላም። በዋና ከተማዋ በትብሊሲ መሃል ባሉ የቱሪስት ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ኪቦርድ፣ ስፒከርና የጭፈራ ትርዒት ነው፤ ደስ ሊል ይችላል፣ ግን ከጎን ካለ ሰው ጋር ማውራት አይቻልም። ካኬቲ ውስጥ ያሉ የቤተሰብ ወይን ጠማቂዎች አስቀድሞ ከተነገራቸው ምሳ አዘጋጅተው ሦስት አራት ዘፋኝ ይጠራሉ፤ ለልደት የሚሆነው ይኼ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ ለመስማት ደግሞ እሁድ ጠዋት ትብሊሲ ውስጥ ወደ አንቺስኻቲ መሄድ ነው፤ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የከተማው አንጋፋ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ የሚዘመረው ለአምልኮ ነውና ሴቶች ራሳቸውን ተከናንበው ይገባሉ፣ ፎቶ አይነሳም።

ወይኑን ለማወቅ "ኽቬቭሪ" የሚሉትን ማየት ያስፈልጋል። እንደ ጋን ያለ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ቅርጹ እንቁላል የመሰለ፣ ውስጡ በሰም የተቀባ፣ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የተቀበረ። የተጨመቀው ወይን ከልጣጩ፣ ከፍሬውና አንዳንዴም ከግንዱ ጋር ይገባበታል። በሚፈላበት ጊዜ በቀን ብዙ ጊዜ ይማሰላል፤ ከዚያ አፉ በድንጋይ ክዳንና በጭቃ ተመርጎ እስከ ፀደይ ይቆያል። ርካጺቴሊ ከሚባለው ነጭ ዘር በዚህ መንገድ የሚወጣው ወይን ቀለሙ ቁርጥ ጠጅ ነው። መሳሳት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፦ በቀለሙ ተስቦ ጣፋጭ የጠበቀ ሰው ሲቀምሰው ደረቅ፣ ብዙ እንደቆየ ሻይ ምላስ የሚይዝ ሆኖ ያገኘዋል። ከምግብ ጋር እንጂ ለብቻው አይፈረድበት፤ ዋልነት ከገባበት ምግብ ጋር ሲሆን ጠባዩ ይለወጣል። እንደ አካሺያ ያለ መካከለኛ ጣፋጭ ቀይ የለመዱ ዘመዶች ካሉ "ኪንድዝማራዑሊ" ይዘዙላቸው፤ ሳፔራቪ ከሚባለው ቀይ ዘር የሚወጣ ለስለስ ያለ ጣፋጭ ነው።

ከምግቡ ስለ "ኺንካሊ" አንድ ነገር። ሥጋና መረቅ ታሽጎበት የተቀቀለ ሊጥ ነው፤ ሹካ ከነካው መረቁ ሳህን ላይ ይፈስና ነገሩ ያበቃል። ከላይ ያለውን የሊጡን ቋጠሮ በጣት ይዞ መገልበጥ፣ ጎኑን በትንሹ ነክሶ መረቁን መምጠጥ፣ ከዚያ መብላት። ቋጠሮው አይበላም፤ ስንት እንደበሉ የሚቆጠረው ሳህኑ ላይ በቀሩት ቋጠሮዎች ነው። ሥጋው አብዛኛውን ጊዜ የበሬና የአሳማ ድብልቅ ስለሆነ የማይበላ ሰው ይጠይቅ፤ የእንጉዳይና የድንች ኺንካሊም አለ።

ለጿሚ ተጓዥ ከሦስቱ ጆርጂያን የሚስተካከል የለም። የጆርጂያ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ታከብራለች፣ ገናንም ታኅሣሥ 29 (ጃንዋሪ 7)። በዐቢይ ጾምና በገና ጾም ብዙ ምግብ ቤት የጾም ዝርዝር ያወጣል፤ "ሳማርኽቮ" የሚለውን ቃል መያዝ ነው። በዋልነት የተለወሰ ቆስጣና ቀይ ሥር፣ ዋልነት የተሞላ ደበርጃን፣ ሎቢዮ የሚሉት የቦሎቄ ወጥ ሁሉም ያለ ወተትና ያለ ሥጋ የሚሠሩ ናቸው። የማይጠረጠር የሚመስለው ቦሎቄ የተሞላ ዳቦ ግን፣ ራጫ ከሚባለው አካባቢ ከሆነ፣ የአሳማ ሥጋ አለበት።

ወቅቱ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ በካኬቲ ወይኑ የሚለቀመው ያን ጊዜ ሲሆን መስቀልም መሃሉ ላይ ይውላል። ከትብሊሲ እስከ ካኬቲዋ ከተማ ሲግናጊ ወደ 110 ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ወደ ሌላዋ የካኬቲ ከተማ ቴላቪ በጎምቦሪ ተራራ የሚያቋርጠው መንገድ ያሳጥራል፣ ግን ጠመዝማዛ ነው፤ በበረዶ ወራት አይመከርም። የቀን ጉብኝቶች የሚበላሹበት ምክንያት አንድ ነው፦ አራት ወይን ጠማቂ በአንድ ቀን። ሁለት ይበቃል፣ ሁለተኛው ላይ ምሳ፣ አዳር እዚያው። ሲደርሱ የሚቀርበው "ቻቻ" ከወይን ዝቃጭ የወጣ አረቄ ነው፤ የቤቱ 50 በመቶ አልኮል ቢያልፍ አይግረምዎ። አንድ መለኪያ ለአክብሮት በቂ ነው።

ፖርቱጋል፦ የልደት ዓመት በጠርሙስ

ፖርቱጋል ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ነገር አላት፤ 50 ዓመት የሞላው ሰው በተወለደበት ዓመት የተጠመቀ፣ አሁንም የሚጠጣ ወይን ማግኘት ይችላል። ፖርት ወይን መፍላቱ ሳያልቅ 77 በመቶ የሆነ የወይን አረቄ ተጨምሮበት እንዲቆም ስለሚደረግ ጣፋጩ ይቀራል፤ አልኮሉም ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ይህ ነው ዕድሜ የሚሰጠው። ጠርሙሱ ላይ ዓመት የሚጻፍበት ሁለት ዋና ዓይነት አለ፣ ሰውም ያደባልቃቸዋል። "ቪንቴጅ" የሚባለው በተመረጡ ዓመታት ብቻ የሚወጣ፣ ሁለት ዓመት ገደማ በበርሜል ቆይቶ ቀሪ ዕድሜውን በጠርሙስ የሚያሳልፍ ነው። "ኮልዬይታ" ደግሞ የአንድ ዓመት ምርት ሆኖ ቢያንስ ሰባት ዓመት፣ ብዙ ጊዜም አሥርት ዓመታት በእንጨት በርሜል የሚቆይ ነው፤ ቪንቴጅ ባልታወጀባቸው ዓመታትም ይገኛል።

የእኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ያሳስታል። በ1969 ዓ.ም. ከታኅሣሥ 23 በፊት የተወለደ ሰው ጠርሙሱ 1976 ነው፤ በአጠቃላይ የታወጀ ቪንቴጅ ዓመት ስላልሆነ ኮልዬይታ ይፈልጉ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ የተወለደ ግን 1977 ነው፤ ያ ዓመት ከክፍለ ዘመኑ ስመ ጥር ቪንቴጆች አንዱ ነው። ፓስፖርት ላይ የተጻፈው ቀንና እናት የምትናገረው ቀን ካልተስማሙ የእናትን ይያዙ፤ ስጦታ ነው እንጂ ቪዛ አይደለም።

ጠርሙስ መግዛት ካስወደደ ከፖርቶ ድልድዩን ተሻግሮ ቪላ ኖቫ ደ ጋያ ባሉት የወይን መጋዘኖች በብርጭቆ የሚሸጥ ያረጀ ቶኒ (በእንጨት በርሜል የቆየ ፖርት) አለ፤ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ዓመት እየተባለ። ልክ ይያዝ። አምስት ናሙና፣ እያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን፣ ሩብ ሊትር ብቻ ይመስላል፤ በአልኮል መጠን ግን ከ400 ሚሊ ሊትር ተራ ወይን ጋር እኩል ነው። ከምሳ በፊት ሁለት መጋዘን ያዳረሰ ሰው ከሰዓቱን ተኝቶ ያሳልፋል።

ወይኑ የሚበቅልበት የዶውሮ ወንዝ ሸለቆ በ1756 ወሰኑ በሕግ የተከለለ ነው። ከፖርቶ ሸለቆው ውስጥ እስካለችው ፒንያው በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሐዲዱ በወንዙ ሰሜናዊ ዳር ስለሚሄድ ሲሄዱ በስተቀኝ፣ ሲመለሱ በስተግራ ይቀመጡ። ነሐሴ ላይ ሸለቆው ምድጃ ነው፤ 40 ዲግሪ ይነካል። ለቀማው በመስከረም ነው፣ አልጋም ያኔ ውድና ጥቂት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ይሻላሉ። ጁን 23 ማታ ፖርቶ ላይ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል አለ፤ ሰርዲን መንገድ ላይ ይጠበሳል፣ ሰው በፕላስቲክ መዶሻ ራስ ለራስ ይመታታል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ርችት አለ። ልደትዎ እዚያ አካባቢ ከዋለ ሌላ ድግስ አያስፈልግም። ቀደም ብሎ መተኛት የሚወዱ ሽማግሌዎች ይዘው ከሆነ ግን አይሂዱ።

ሙዚቃው ፋዶ ነው፣ ቤቱም ሊዝበን፤ አልፋማ፣ ሙራሪያና ባይሮ አልቶ የሚባሉት ሰፈሮች። አንድ ዘፋኝ፣ ባለ 12 ክር የፖርቱጋል ጊታር፣ አንድ ተራ ጊታር። መብራት ሲቀንስ ወሬ ይቆማል፣ አስተናጋጁም ሳህን ይዞ አይንቀሳቀስም። ጥቂት ዘፈን፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ምግብ፣ እንደገና ዘፈን እየተባለ ማታው ያልፋል። ስለዚህ አሥር ሰው ሆኖ እየሳቀ ልደት ለሚያከብር ቡድን አይሆንም፤ የሌላውን ማታ ያበላሻል። ለሁለት ወይም ለአራት ሰው ግን ከዚህ የሚበልጥ የልደት ማታ ማግኘት ይከብዳል። ትዝታን የሚያውቅ ጆሮ ቃሉ ባይገባውም ስሜቱ አያመልጠውም። አብዛኞቹ ቤቶች የተወሰነ ዝቅተኛ ክፍያ ስላላቸው ሲያስይዙ እራት ይጨምር እንደሆነ ይጠይቁ። ሳይታዘዝ የሚቀርበው ዳቦ፣ ወይራና አይብ ነጻ አይደለም፤ ካልነኩት አይከፈልበትም፣ መልሱልኝ ማለትም ነውር የለውም።

በምግብ በኩል ፖርቱጋል ለዓሣ ወዳጅ ገነት ናት፤ አሳማ ለማይበላ ግን ጥንቃቄ ትፈልጋለች። የፖርቶ ስመ ጥር የጨጓራ ወጥ ለእኛ ሰው የሚጥም ይመስላል፣ ቋሊማው ግን የአሳማ ነው። የጎመን ሾርባው "ካልዶ ቬርዴ" ላይም ቁራጭ ቋሊማ ጣል ይደረግበታል፤ "ያለ ሾሪሶ" ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የተጠበሰ ሰርዲንና በብዙ ዓይነት የሚሠራው ደረቅ ኮድ ዓሣ አያሳስቡም።

በረራ ሲቆርጡ በፖርቶ ገብቶ በሊዝበን መውጣት ይመረጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሦስት ሌሊት እዚህ፣ ሦስት እዚያ፣ የልደቱ ማታ ሊዝበን ላይ።

ቪየና፦ ለሙዚቃው ሲባል

ሙዚቃው ከሁሉ ከበለጠብዎ ውድድሩ እዚህ ያበቃል። የመንግሥት ኦፔራ ቤቱ ከሴፕቴምበር እስከ ጁን ማታ ማታ ይሠራል፤ በጁላይና በኦገስት ዝግ ነው፤ የሐምሌ ልደተኛ ሌላ አገር ይፈልግ። ውድ ትኬት የግድ አይደለም። በዕለቱ የሚሸጥ የቁም ቦታ ዋጋው ከአንድ እራት ያንሳል፤ ልማዱም ሻርፕን አጥር ላይ አስሮ ቦታ መያዝ ነው። ሦስት ሰዓት መቆም ለ50 ዓመት ጉልበት ቀላል ስላልሆነ የልደቱን ማታ በወንበር፣ ሌላውን በቁም ያድርጉት። ርካሽ የሎዥ (በጎን ያለ የተከለለ ትንሽ ክፍል) ትኬት ሲያዩ ስንተኛ ረድፍ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከኋላ ያለው ወንበር ድምፁን እንጂ መድረኩን አያሳይም። ትኬቱ ላይ 19፡00 ካለ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው፤ በሩ ከተዘጋ እስከ ዕረፍት ድረስ ውጭ ነው የሚቆየው። በ1870 የተከፈተው የሙዚክፌራይን ወርቃማ አዳራሽ ለኦርኬስትራ ይመረጣል። መንገድ ላይ ነጭ ዊግና ቀይ ካባ ለብሰው የኮንሰርት ትኬት የሚሸጡትን ግን ይለፏቸው፤ የሚሸጡት ለቱሪስት የተዘጋጀ ዝግጅት ነው፣ ዋጋውም ከእውነተኛው አዳራሽ ጥሩ ወንበር የሚተናነስ አይደለም።

ወይኑ "ሆይሪገር" የሚባሉ ቤቶች ነው የሚጠጣው፤ በ1784 በወጣ የንጉሠ ነገሥት አዋጅ ገበሬ የራሱን ወይን በቤቱ እንዲሸጥ ከተፈቀደ ጀምሮ አሉ። ደጃፍ ላይ የጥድ ቅርንጫፍ ከተሰቀለ ክፍት ነው። ብዙዎቹ በዓመት የተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ስለሚከፍቱ ቀኑን ሳያዩ አይሂዱ። ግሪንዚንግ በ38 ቁጥር ትራም ይደረሳል፣ ቱሪስት የበዛበት ነው፤ ሽታመርስዶርፍ በ31 ቁጥር ቢርቅም ያገሬው ሰው የሚሄድበት ነው። ወይኑ ጠረጴዛ ድረስ ይመጣል፣ ምግቡን ግን ራስዎ ከመደርደሪያ ነው የሚያነሱት፤ የሚሸጠውም በ"ዴካ" ነው፣ 20 ዴካ ማለት 200 ግራም። አብዛኛው አሳማ ነው። ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት ከተማ ውስጥ "ታፍልሽፒትስ" (የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ከነመረቁ) ቢበሉ ይሻላል። "ቪነር ሽኒትስል" ብቻ ከተባለ የጥጃ ሥጋ ነው፤ ሌላ ቅጥያ ካለው አሳማ ሊሆን ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት "ሽቱርም" ይሸጣል፤ ገና እየፈላ ያለ፣ ብርዝም ጠጅም ያልሆነ። እንደ ጭማቂ ይወርዳል፣ ሲነሱ ግን ይታወቃል።

ቪዛ፣ ቡድንና ጠርሙስ

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለቪየናም ለፖርቱጋልም የሚያስፈልገው የሸንገን ቪዛ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ አይመለስም፤ የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት፤ ማመልከቻ ከጉዞው ከስድስት ወር በላይ ቀድሞም ከ15 ቀን ባነሰ ጊዜም አይቀበሉም። ስድስት ወሩ እንደገባ ማመልከት ነው። ሆቴል የሚሰረዝ ዓይነት ይያዝ። ጆርጂያ ሸንገን ውስጥ የለችም፤ የአሜሪካ ወይም የሸንገን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ያለ ቪዛ የሚገባበት ደንብ አላት፣ ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪም መንገድ ነበረው። ደንቡ ስለሚቀያየር ትኬት ከመቁረጥ በፊት የአገሪቱን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገጽ ይመልከቱ። የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለሦስቱም ቪዛ አይጠየቅም። ቪየናንና ትብሊሲን ባንድ ጉዞ የሚያጣምር ሰው ቪዛው ነጠላ መግቢያ ከሆነ ትብሊሲ ሲሄድ ያልቃል፣ በቪየና በኩል ተመልሶ መውጣት አይችልም። ከአዲስ አበባ ቀጥታ በረራ ያለው ለቪየና ነው፤ ለትብሊሲ በኢስታንቡል፣ በዱባይ ወይም በዶሃ ይታለፋል።

ከስምንት በላይ ሆነው፣ አዛውንትና ጿሚ ይዘው ከሆነ ጆርጂያ፤ ኪስንም የምታሳርፈው እሷ ናት። ባልና ሚስት ከሆኑ ፖርቱጋል። አራት ሌሊት ብቻ ካለዎትና ሙዚቃ ከቀደመ ቪየና።

ጠርሙስ መያዝን በተመለከተ፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ከ1.2 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ስድስት ከያዙ የሻንጣዎን ሲሶ ወሰደ ማለት ነው። ከ24 በመቶ በታች የሆነ ወይን በሚጫን ሻንጣ ላይ የአቪዬሽን ገደብ የለበትም፤ ቻቻ ግን ለአንድ ሰው ከ5 ሊትር አይበልጥም፣ 70 በመቶ ካለፈ ደግሞ ጨርሶ አይጫንም። የመድረሻው የጉምሩክ ልክ ሌላ ነው። ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌት ወይም ሻርጃ የሚመለስ ምንም አይያዝ። ሽቱርም አይጓዝም፣ ስለሚፈላ ክዳኑ አይጠብቅም። የኽቬቭሪ ወይን አንዳንዱ ሳይጣራ ስለሚታሸግ ቤት ሲደርስ ሁለት ቀን አቁመው ያሳርፉት። ያረጀ ቪንቴጅ ፖርትም እንዲሁ፣ ከዚያም አተላው እንዳይገለበጥ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይቀዳል፤ ከተከፈተ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይቆይም። ኮልዬይታ ግን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ተከፍቶም ለሳምንታት ይቆያል፤ ጉዞው ላይ ያልነበረ ወንድም ወይም እህት እስኪመጣ ይደርሳል።